ጠዋት ከፊት፣ ከሰዓት ከኋላ፦ በረጅም የእግር ጉዞ ጉልበት ለምን ይከዳናል?

ጥያቄ

«29 ዓመቴ ነው፤ 62 ኪሎ እመዝናለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ጂም እሠራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ብስክሌትና ትሬድሚል ነው። ባለፈው ወር ከጓደኞቼ ጋር 24 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ በድምሩ 1100 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ሄድን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዓታት ከሁሉም ፊት ነበርኩ። 14 ኪሎ ሜትሩንና 700 ሜትር የሚሆነውን ዳገት ያኔ ጨረስነው። አምስተኛው ሰዓት ላይ ግን ጉልበቴ ቄጠማ ሆነ። ቀዝቃዛ ላብ አሰመጠኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያለምንም ምክንያት ማልቀስ አማረኝ። ጠዋት የቀመስኩት ቡናና ሁለት ብስኩት ብቻ ነው፤ ከበላሁ መሄድ ይከብደኛል። 2 ሊትር ውሃ ይዤ ነበር፤ ግማሹን መልሼ ቤት አመጣሁት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቦርሳችንን ተሸክመን የሦስት ቀን ጉዞ ልንሄድ ነው። ምን ልውሰድ? ቫይታሚን? የኃይል መጠጥ? ወይስ ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም?»

ምላሽ

እህቴ፣ «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። የስፖርት ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ከሥራ ውጪ ደግሞ እግሬ እስኪዝል መሄድ እወዳለሁ። ስለዚህ የጻፍሽውን ሳነብ ግማሹን በሙያዬ፣ ግማሹን በገዛ እግሬ አወቅኩት።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ይሆንሻል። በቡናና በሁለት ብስኩት አምስት ሰዓት እንደዚያ የሄደ ሰውነት ደካማ ሊባል አይችልም። የተራበ ነው።

«ምን ልውሰድ?» ላልሽው ግን ትንሽ ልከራከርሽ። አምስተኛው ሰዓት ላይ የሚዋጥ ነገር ብትይዢም ብዙ አያድንሽም ነበር። ያን ቀን ጉልበትሽ ያለቀው ከፊት ሆነሽ ደስ ብሎሽ ስትሄጂ ነው። የተሰማሽ ግን ዘግይቶ ነው።

በሒሳብ ላሳይሽ። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 አንዲት ቀላል ስሌት አውጥቶ ነበር። እስከ ዛሬ ብዙ ተጓዥ ይጠቀምባታል። ጠጋግተን በሜትር ስናስቀምጣት፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዢ፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሪ ነው የምትለው። አንቺ 14 ኪሎ ሜትር ሄደሻል፤ ያ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። 700 ሜትር ወጥተሻል፤ ያ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ሲደመር አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አንቺ በሦስት ሰዓት ጨረስሽው። ያውም ስሌቷ የወጣችው ጥሩ ለሚራመድ ሰው ነው፤ ዕረፍትም አትቆጥርም። ማለትም ያን ጠዋት የሄድሽው በእግር ጉዞ ፍጥነት አልነበረም። ሩጫ ቀረሽ ነበር።

ይህ ለምን ዋጋ ያስከፍላል? ሰውነታችን ሁለት ጎተራ አለው ብለሽ አስቢ። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ስብ የሚቀመጥበት። አንቺን የሚያክል፣ ወፍራም ያልሆነች ሴት እንኳ እዚያ ውስጥ በደህና ጊዜ ከ100,000 ካሎሪ በላይ አላት። ችግሩ የዚህ ጎተራ በር ጠባብ ነው። እህሉ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ሁለተኛው ጎተራ ትንሽ ነው። ግላይኮጅን ይባላል፤ በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተጠራቀመ ካርቦሃይድሬት ነው። ሞልቶ እንኳ 2000 ካሎሪ ቢሆን ነው። በሩ ግን ሰፊ ነው፤ የፈለግሽውን ያህል በፍጥነት ታወጪበታለሽ።

በዝግታ ስትሄጂ አብዛኛውን ከትልቁ ጎተራ ትበያለሽ። ስትቻኮዪ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ጠባቡ በር አያደርስም። ሰውነት ወደ ትንሹ ይዞራል። ክብደትሽንና ዳገቱን ሳስብ፣ ያን ቀን በሰዓት ከ400 ካሎሪ በላይ ሳታወጪ አትቀሪም። በአምስት ሰዓት ከ2000 በላይ ማለት ነው። ያስገባሽው ደግሞ ሁለት ብስኩት።

ማልቀስ ያማረሽ ነገርም ምክንያት አለው። በጡንቻ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ለዚያው ጡንቻ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ወደ ደም ተመልሶ ለሌላ አካል አይሰጥም። የደም ስኳርን ጠብቆ አንጎልን የሚመግበው ጉበት ነው። የጉበት ክምችት 100 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ሌሊቱን ስትተኚ ደግሞ ከዚያ ላይ ብዙው ያልቃል። ቁርስ ሳትበዪ ስትወጪ ጉበትሽ ገና ከበሩ ጎድሎበት ነው የሚነሳው። አምስት ሰዓት ሲሞላ የደም ስኳር ይወርዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል፤ ሰው ይነጫነጫል፤ ሆድ ይብሰዋል። በጉዞ ላይ ጓደኛሽ ድንገት ዝም ካለ ወይም በትንሽ ነገር ከተቆጣ፣ ከመጣላትሽ በፊት የሚበላ ነገር ስጪው። ስንት ጠብ በአንድ ሙዝ ሲበርድ አይቻለሁ!

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት አረማመድ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሰምቶ የሚያልፈው ይህችን ነው።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እስኪያሳፍርሽ ድረስ በዝግታ ሂጂ። የምሬን ነው። «እንዲህማ ከሄድን መቼ ልንደርስ ነው» የሚያሰኝ ፍጥነት ልክ ነው። ከዚያ በኋላ መለኪያሽ ንግግር ይሁን። ከጎንሽ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጪ መናገር ከቻልሽ ደህና ነሽ። በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ የምትወስጂ ከሆነ አብዝተሻል። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ካለሽ ጥሩ ነው፤ ከሌለሽ ግን ምላስሽ ይበቃል።

ዳገት ላይ እርምጃሽን አሳጥሪ። ብዙ ሰው ዳገት ሲያይ ቶሎ ለመገላገል ይጣደፋል፤ እርምጃውንም ያሰፋል። ሰፊ እርምጃ ማለት በእያንዳንዱ ጊዜ መላ ክብደትሽን በአንድ እግር ማንሳት ነው። አጭር እርምጃ ልክ እንደ መኪና ማርሽ መቀነስ ነው፤ ትዘገያለሽ እንጂ አትቆሚም። ዳገቱ በጣም ሲጠነክር ደግሞ ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙባት ዘዴ አለች። የፊት እግርሽን ታስቀምጫለሽ፤ ክብደትሽን ግን ገና አታሸጋግሪም። የኋላ ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ ለአንድ አፍታ በአጥንትሽ ላይ ትቆሚያለሽ። በዚያች አፍታ የጭንሽ ጡንቻ ያርፋል። ከዚያ ትሻገሪያለሽ። አንድ አፍታ ምንም አይመስልም፤ በሺህ እርምጃ ሲባዛ ግን ትልቅ ዕረፍት ነው። መጀመሪያ ላይ ሰርግ ቤት የምትገቢ ሙሽራ ትመስያለሽ። ይሁን።

የቡድን ነገርም አለ። ጠንካራው ከፊት ከሄደ ሁሉም እየተጎተተ ይከተላል። ኋላ ያለው ሰው ደርሶ ሊያርፍ ሲል ፊተኞቹ አርፈው ይነሳሉ። በዚህ ዓይነት በጣም የደከመው ሰው በጣም ጥቂት ያርፋል። በእኛ ጉዞ ከሁሉም ዝግ የሚለውን ሰው ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ እናደርገዋለን። ማንንም አያሳፍርም፤ ቡድኑም ሳይበጣጠስ ይገባል። ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው። አንቺም ከፊት መሆኑ ይቅርብሽ።

ዕረፍትን በተመለከተ፣ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ሙሉ ዝርግት ይሻላል። ረጅም ስትቀመጪ ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ እግር ይተሳሰራል፤ መነሳት ራሱ ሥራ ይሆናል። ለምሳ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ስትቆሚ ከሁሉ በፊት ጃኬት ልበሺ፤ ሳይበርድሽ። መንቀጥቀጥ ራሱ ጉልበት ይበላል። ስትነሺ ደግሞ ሙቀት ሳይሰማሽ በፊት አውልቂው፤ በላብ የራሰ ልብስ ከሰዓት ጠላትሽ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። «ከበላሁ ይከብደኛል» ብለሻል። አምንሻለሁ። ግን የከበደሽ ምግቡ ነው ወይስ ፍጥነቱ? ስትፈጥኚ ደም ወደ እግር ይሄዳል፤ ጨጓራ ይራቆታል። በዚያ ሰዓት ምንም ነገር ቢገባ ድንጋይ ይሆናል። ፍጥነትሽን ስትቀንሺ ሆድሽም ይቀበልሻል። ደግሞም ሆድ እንደ ጡንቻ ይለምዳል። በልምምድ ላይ እየሄድሽ ትንሽ ትንሽ መብላት ከጀመርሽ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ዋናው ምግብ የማታው ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች ወይም ዳቦ ያለበት ደህና እራት ብዪ። ጠዋት ጉዞ ከመጀመርሽ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ መብላት ብትችዪ ጥሩ ነው። ማን እንዲያ ማልዶ ይነሳል ካልሽ፣ ከመንገዱ አንድ ሰዓት በፊት ለአንቺ ክብደት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይበቃል። ሁለት ቁራጭ ዳቦ በማርና አንድ ሙዝ ገደማ ነው። ቡናሽን አልከለክልም።

መንገድ ላይ ደግሞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያዢ። ለእግር ጉዞ ወደ 30ው የሚጠጋው አብዛኛውን ጊዜ ያደርሳል፤ ከባድ ዳገት ላይ ወደ ላይ ከፍ አድርጊው። መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ አለው። ትልቅ ቴምር አንዱ 16 ግራም ገደማ ነው። አንድ እፍኝ ዘቢብ 30 ይሞላል። ለውዝና ሌላ ቅባት ያለው ነገር ጥሩ ነው፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ካሎሪው ብዙ ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ለዳገቱ አይደርስም። ለምሳና ለማታ አቆዪው።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ጉዞ በጀመርሽ በ45 ደቂቃ ውስጥ ብዪ። ሳይርብሽ። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉርሻ። ረሃብ ሲሰማሽ ብበላ ብለሽ ከጠበቅሽ ዘግይተሻል። ምግቡ የት እንደተቀመጠም ወሳኝ ነው። ቦርሳ ውስጥ ከታች የተቀበረ ምግብ አይበላም፤ ሰው ቦርሳ ማውረድ ይሰንፋል። በወገብሽ ቀበቶ ኪስ ወይም በሱሪሽ ኪስ ያዢው። ጣፋጭ ብቻም አትያዢ። ከአራት ሰዓት ጉዞ በኋላ ጣፋጭ ያንገሸግሻል፤ ጨው ያለበት ነገር ሲቀርብልሽ ግን አፍሽ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ የምመክር ሰው ራሴ ምን እንደደረሰብኝ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ የቡድኑ የጤና ኃላፊ ሆኜ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ «በልታችኋል? ጠጥታችኋል?» እያልኩ አንድ በአንድ ስጠይቅ ዋልኩ። የራሴን ቴምር ለዚያም ለዚህም አደልኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ እያየሁ እንዴት እንደሚታሰር ጠፋብኝ። ከቡድኑ ሁሉ ትንሿ ልጅ ናት አፌ ውስጥ ከረሜላ የከተተችልኝ። ከዚያ ወዲህ የስልኬን ደወል በየ30 ደቂቃው እሞላለሁ። ደወሉ የሚጠራው እኔን ነው፤ ሌላውን አይደለም።

ውሃ ላይ አንድ ሊትር ለዚያ ሁሉ ሰዓት ጥቂት ነው። ግን «ብዙ ጠጪ» ብዬ ብቻ አላልፍም፤ እሱም ችግር አለው። የሰው ላብ በጣም ይለያያል። ራስሽን ለኪ። አንድ ሰዓት ከመሄድሽ በፊትና በኋላ ተመዘኚ። የቀነሰው ኪሎ፣ የጠጣሽው ሲጨመርበት፣ በሰዓት የምታልቢው ነው፤ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ነው። ብዙ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር ትንሽ ከፍና ዝቅ ባለ መጠን ይበቃዋል። በሙቀትና በዳገት ይጨምራል። ከክብደትሽ 2 በመቶ በላይ በላብ ከጠፋ ጉልበትሽ መውረዱን ታስተውያለሽ። ሲጠማሽ ጠጪ፤ ሽንትሽ እንደ ደመቀ ሻይ ከሆነ ጨምሪ።

ከሚገባው በላይ መጠጣት ደግሞ የደም ሶዲየምን፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ጨው፣ ያቀጥናል። በሊትር ከ135 ሚሊሞል በታች ሲወርድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእጅ ጣት ማበጥ፣ ሲብስም መደናገር ይመጣል። በአሜሪካው ግራንድ ካንየን ሸለቆ በሙቀት የሚሄዱ ተጓዦች ላይ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ክፋቱ ውሃ የጠማው ሰው ምልክት ይመስላል። ጓደኞች ደንግጠው ሌላ ውሃ ያጠጡታል፤ ያባብሱበታል። መለያው ምን ጠጣ፣ ምን በላ የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ጠጥቶ፣ ብዙ ሸንቶ፣ ምንም ጨው ያልቀመሰ ሰው ውሃ አያስፈልገውም። ጨዋማ ምግብ ይስጡት፤ ከተደናገረ ሐኪም ዘንድ ይድረስ። አንቺ ረጅም ቀን ሲሆን ከምትጠጪው ውሃ በከፊሉ ኦአርኤስ በጥብጪበት፤ ወይም ጨው ያለው ምግብ ያዢ። ከዚያ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ወደ ሦስቱ ቀን የደረጃ ስቃይ ልምጣ። ይህ ከምግብ ጋር አይገናኝም። ዳገት ስትወጪ የጭንሽ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ቁልቁለት ስትወርጂ ግን እየተለጠጠ ክብደትሽን ይይዛል፤ ፍሬን ነው የሚሆንልሽ። ትንፋሽ ስለማያጥርሽ ቀላል ይመስልሻል። ውስጥ ውስጡን ግን የጡንቻው ክሮች ይጎዳሉ። ሕመሙ ያን ዕለት አይሰማም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው የሚያፋፍመው። የተጎዳ ጡንቻ ደግሞ ግላይኮጅኑን ቶሎ መልሶ አይሞላም። ስለዚህ በሦስት ቀን ጉዞ የመጀመሪያው ቀን ቁልቁለት የሁለተኛውን ቀን ጉልበት ይሰርቃል።

ጂም የምትሠሪው ብስክሌትና ትሬድሚል ለሳንባሽ ጥሩ ነው፤ ይህን ፍሬን ግን አያሠለጥንም። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ አንድ ጊዜ ከተቀጣ ይማራል። አንድ ደህና ቁልቁለት ከወረድሽ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ተመሳሳይ ቁልቁለት ያን ያህል አይጎዳሽም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ሆን ብለሽ ረጅም ቁልቁለት ውረጂ። ተራራ ከሌለ የፎቅ ደረጃም ይሆናል፤ በእግር ወርደሽ በሊፍት ውጪ። የሚያዩሽ ሰዎች ተቃራኒው ነው ትክክሉ ይሉሻል፤ ተያቸው። ጂም ውስጥ ደግሞ ከሣጥን ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድን ጨምሪ፤ ለመውረዱ ሦስት አራት ሰከንድ ስጪው።

በጉዞው ላይ ስትወርጂ ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊ፤ በአጭር በአጭሩ እርገጪ፤ አትዝለዪ። ሁለት የተራራ ምርኩዝ ካገኘሽ ያዢ። ቁልቁለት ላይ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ጫና እስከ ሩብ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ተለክቷል። የሽማግሌ ነገር መስሎሽ እንዳትንቂው።

ሸክሙን ባጭሩ ልበል። ቦርሳሽ ከነውሃው ከ12 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የክብደትሽ አንድ አምስተኛ ነው። ክብደቱ በወገብ ቀበቶው ላይ ይረፍ፤ ትከሻሽ ሚዛን ብቻ ይጠብቅ። ጫማሽ ላይ ያለ ክብደት ደግሞ ጀርባሽ ላይ ካለው ከ4 እስከ 6 እጥፍ ያደክማል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ስለሚነሳ ነው። መንገዱ ካላስገደደሽ ከባድ ቡት አትግዢ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ጫማና ቦርሳ ጠዋት በጥድፊያ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ማታውኑ ሙሉ አድርገሽ ተሸክመሽ ቤት ውስጥ ዙሪበት። ተረከዝሽ ማቃጠል ሲጀምር እዚያው ቆመሽ ፕላስተር ለጥፊ። ውሃ የቋጠረ እግር አረማመድ ያጣምማል፤ የተጣመመ አረማመድ ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል።

የሦስት ቀን ጉዞ ከአንድ ቀን የሚለየው ማታው ላይ ነው። እንደደረስሽ ድንኳን ከመትከልሽ በፊት ደረቅ ልብስ ልበሺ፤ የሆነ ነገር ቅመሺ። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ጡንቻ ካርቦሃይድሬትን በደንብ ይቀበላል። 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና 20 ግራም ያህል ፕሮቲን በቂ ነው። ከዚያ እራቱ ይከተላል። ከዚያ እንቅልፍ፤ እሱን የሚተካ ምንም የለም። መንገዱን የምታወጡት እናንተ ከሆናችሁ ሁለተኛውን ቀን አጭር አድርጉት። ብዙ ሰው ረጅሙን ለመሃል ቀን ያስቀምጣል፤ እግር ግን በጣም የሚከብደው ያን ጠዋት ነው። የምታድሩበት ቦታ ከ2500 ሜትር በላይ ከሆነና ካለመዳችሁ፣ ፍጥነታችሁን ከዚያም ቀንሱ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ከፍ ወዳለ ቦታ አይቀጥል።

ምግብ በቀን ከ650 እስከ 750 ግራም ደረቅ ስንቅ ያዢ፤ ቅባትና ካርቦሃይድሬት የተመጣጠነ ከሆነ ወደ 3000 ካሎሪ ይሰጥሻል። ከምታወጪው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ለሦስት ቀን ግን ምንም አይደለም፤ ትልቁ ጎተራ ይሸፍነዋል። የረጅም ጊዜ ጉዞ ሌላ ነው። ራኑልፍ ፋይንስና ማይክ ስትራውድ የሚባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1993 መካከል አንታርክቲካን በእግር ሲያቋርጡ በቀን ከ5000 ካሎሪ በላይ ይበሉ ነበር። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዳቸው ከ20 ኪሎ በላይ ቀነሱ። አንዳንድ ቀን አፍ የቻለውን ቢያስገባም እግርን አይቀድምም።

የኃይል መጠጡን ጠይቀሽኛል። የተለመደው የ250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይንና 27 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ስኳሩ ከሁለት ቴምር ያነሰ ነው። ካፌይኑ ደግሞ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ከሰዓት ከጠጣሽው ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ገደማ ደምሽ ውስጥ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ዓይንሽን አፍጥጠሽ ታድሪያለሽ። የጠዋት ቡናሽ ይበቃል።

ቫይታሚኑም ጉድለት ከሌለብሽ ምንም አይጨምርልሽም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በአዘቦቱስ ቀን ይደክምሻል? ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ከወትሮው በላይ ይመታል? የወር አበባሽ ብዙ ነው? መልስሽ አዎ ከሆነ የደም ምርመራ አድርጊ፤ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የሰውነት የብረት ክምችት መለኪያ) ይታይልሽ። በሴቶች ላይ የብረት ማነስ ብዙ ጊዜ «ስፖርት አልሆነኝም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። ሳትመረመሪ ግን የብረት ክኒን አትጀምሪ፤ ያለ ምክንያት ሲበዛ ይጎዳል። ለስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ከላይ የጻፍኩት አይበቃሽም፤ ከሐኪምሽ ጋር መነጋገር አለብሽ።

ያ ስሜት እንደገና ከመጣ? ቁሚ። ተቀመጪ። ጃኬት ልበሺ። 30 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ውሰጂ፤ ከረሜላ፣ ቴምር፣ ጭማቂ፣ ያገኘሽውን። በጥቂት ውሃ አወራርጂው። 15 ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ዳቦ ወይም ሌላ የሚቆይ ነገር ብዪና ከቀድሞው በግማሽ ፍጥነት ቀጥዪ። ረሃብ ብቻ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው ትሆኛለሽ። ካልተሻለሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምላስ ሲተሳሰር፣ ሰው ሲንገዳገድ፣ የት እንዳለ ሲጠፋው፣ ደረቱን ሲያመው ወይም ራሱን ሲስት ጉዞው እዚያው ያበቃል። በሙቀት ውስጥ የተደናገረን ሰው ወዲያውኑ ጥላ ውስጥ አስገብቶ በውሃ ማቀዝቀዝ፣ በብርድ ውስጥ የተደናገረውን ደግሞ ማድረቅና ማሞቅ፤ ከዚያ እርዳታ መጥራት ነው። «ትንሽ ይረፍና እንሄዳለን» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

አምስት ሳምንት አለሽ፤ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሦስቱ የጂም ቀን አንዱን በሁለት ሰዓት ዝግ ያለ የእግር ጉዞ ለውጪው፤ በ5 ኪሎ ቦርሳ። በቀሩት ሁለት የጂም ቀናት የሣጥን መውረዱን ሥሪ። በሦስተኛው ሳምንት ከዳገትና ከቁልቁለት ጋር ወደ አምስት ሰዓት አሳድጊው፤ ቦርሳውን 8 ኪሎ፣ ምግቡን በየግማሽ ሰዓቱ። ያ ነው ጡንቻሽን የሚያስተምረው ቁልቁለት። ሁለት ሦስት ቀን ያምሻል፤ ይለፍ። በአራተኛው ሳምንት አንዴ ብቻ፣ ለጉዞው በምትይዢው ቦርሳ ሙሉ ክብደት፣ ሦስት ሰዓት ሂጂ። በመጨረሻው ሳምንት ቀንሺ፤ ተኚ፤ ብዪ። በዚያ ሳምንት አዲስ ጫማ የሚባል ነገር እግርሽ አይግባ።